የባቄላ ዓመት የእረፍት ዓመት አይደለም

በደጋው አገር ገበሬ ስለ ማሳው ሲጠየቅ «ዘንድሮ መሬቱን አሳርፌ ባቄላ ዘራሁበት» ማለቱ የተለመደ ነው። አባባሉ ሐሰት የለውም። ስንዴና ገብስ እየተደጋገመ ሲዘራበት የደከመ መሬት የባቄላ ዓመት ሲመጣለት ያገግማል። ነገር ግን ይህን ቃል በሰማን ቁጥር እኛ የማኅበሩ ሴቶች እርስ በርሳችን እንተያያለን። መሬቱ ያርፍ ይሆናል፤ በነሐሴ ጭቃ ጎንበስ ብላ የምታርመው፣ ዘሩን ለቅማ ለከርሞ የምታስቀምጠው፣ ክኩን ከክታ ሽሮውን አስፈጭታ ጾሙን የምታሳልፈው ሴት ግን አታርፍም።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሳነው በየወሩ ስብሰባችን ላይ ሲመላለስ የቆየ አንድ ጥያቄ ስላለ ነው። ማኅበራችን ከተዘዋዋሪ ገንዘቡ ለዘር መግዣ የሚያበድረው ለስንዴ ብቻ ይሁን ወይስ ባቄላም ይግባበት? ስንዴ በኩታ ገጠም ይዘራል፣ ገዢው ቅርብ ነው፣ ብድሩም ቶሎ ይመለሳል የሚሉ እህቶች አሉ። ባቄላን በሽታ ይዞታል፣ ጉልበትም ይፈጃል ይላሉ። የሚሉት ሁሉ እውነትነት አለው። ከመወሰናችን በፊት ግን ባቄላ በዚህ መሬት ላይ ምን ሲሠራ እንደኖረ፣ ሥራውስ ለምን ከመዝገብ እንደቀረ ታሪኩን አብረን ብናይ ይበጃል ብለን አሰብን።

ከሩቅ መጥቶ የኛ የሆነ

ባቄላ ከጥንት ጀምሮ የኛ ተክል አልነበረም። ዛሬ እስራኤል ውስጥ በሚገኘው በቀርሜሎስ ተራራ፣ የጥንት ሰዎች ይኖሩበት በነበረ ስፍራ፣ ወደ 14,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የዱር ባቄላ ፍሬ በቁፋሮ ተገኝቷል። ከዚያ ብዙም በማይርቀው በገሊላ ደግሞ ሰው ከ10,000 ዓመት በፊት ባቄላ ይዘራ እንደነበር የሚያሳይ ፍሬ ወጥቷል። ባቄላ ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ከአተርና ከምስር ጋር እየተጓዘ ወደኛ ደጋ ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዐረቦች «ባቂላ» ማለታቸውና የኛ «ባቄላ» ከዚያ ጋር መመሳሰሉ የጉዞው ምልክት ነው።

እንግዳው ተክል ግን እንግዳ ሆኖ አልቀረም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ዞሮ ዘር ሲሰበስብ፣ በአንድ ማሳና በአንድ ገበያ የሚያገኘው የገብስ፣ የስንዴና የጥራጥሬ ዓይነት ብዛት በጣም ስላስደነቀው፣ ኢትዮጵያን በዓለም ላይ ካሉት የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገባት። ባቄላ መነሻው ሌላ አገር ቢሆንም እዚህ ከሰነበተ በኋላ ትንሽና ትልቅ፣ ነጭና አረንጓዴ፣ ቡናማና ጠቆር ያለ፣ ቶሎ የሚደርስና የሚዘገይ ሆኖ ተበራክቷል።

ይህ ብዛት በራሱ አልመጣም። ከአውድማ ከገባው ባቄላ ውስጥ ነቀዝ ያልነካውን፣ ያልተጨማደደውን፣ ቶሎ የሚበስለውን እየለየ በጎታ ለብቻው ያስቀመጠ እጅ ነበረ። ያ እጅ በአብዛኛው የሴት እጅ ነው። የትኛው ባቄላ ለንፍሮ፣ የትኛው ለክክ፣ የትኛው ለቆሎ እንደሚሆን የምታውቀው ድስቱን የምትጥደው ናት፤ ለዘር የሚቀረውም በዚያ እውቀት ይመረጣል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውና ዶክተር መላኩ ወረደ ለብዙ ዓመታት የመሩት የዘር ባንክ ከየደጋው ያሰባሰበው የባቄላ ዘር የዚህ ምርጫ ውጤት ነው። ዶክተር መላኩ የገበሬ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይም መጠበቅ አለበት ብለው በመሥራታቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» በመባል የሚታወቀውን ሽልማት አግኝተዋል። ዛሬ ኢትዮጵያ ባቄላ በማምረት ከቻይና ቀጥላ የምትጠራ አገር ናት።

ከሥሩ ላይ ያለችው እንክብል

ባቄላ መሬት እንደሚያለማ ገበሬ ያወቀው ሳይንስ ከመናገሩ በፊት ነው። ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ገደማ ስለ ዕፅዋት በጻፈው መጽሐፍ ባቄላ መሬትን እንደ ፍግ እንደሚያዳብር፣ የመቄዶንያና የቴሳሊ ገበሬዎችም ባቄላው ሲያብብ ከነአበባው ገልብጠው እንደሚያርሱት መዝግቧል። የኛም አባቶችና እናቶች መጽሐፍ ባይጽፉበት ተራውን ጠብቀው ሲዘሩት ኖረዋል። ገብስ፣ ከገብስ በኋላ ባቄላ ወይም ከአተር ጋር ድብልቅ፣ ከዚያ ስንዴ፤ አገሩና አፈሩ እንደፈቀደ ቅደም ተከተሉ ይለያይ እንጂ ጥራጥሬን በእህል መካከል ማስገባት የደጋ ገበሬ ነባር ልማድ ነው።

ምክንያቱ የተገለጸው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ሄልሪገል እ.ኤ.አ. በ1886 ከሥራ ባልደረባው ከቪልፋርት ጋር ባደረገው ሙከራ፣ ጥራጥሬዎች ሥራቸው ላይ በሚያወጧት እንክብል አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን እንደሚያገኙ አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክ በእንክብሏ ውስጥ የሚኖረውን ባክቴሪያ ለብቻው አወጣው። ነገሩ ሽርክና ነው። ባቄላው ባክቴሪያውን በስኳር ይቀልባል፤ ባክቴሪያውም በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ተክል ሊበላው ወደሚችለው መልክ ይለውጥለታል። ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ ይህን ሽርክና አያውቁትም፤ ከአፈር የሚወስዱትን ናይትሮጅን በሙሉ ሰው ሊተካላቸው ይገባል።

ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ባቄላው ማበብ ሲጀምር አንዱን ግንድ ከነአፈሩ በዶማ አንስቶ ሥሩን በውሃ ማጠብ ነው። እንክብሏ በጥፍር ስትሰነጠቅ ውስጧ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ናት፤ ነጭ ወይም ግራጫ ከሆነ ግን ባክቴሪያው የለም ወይም ደክሟል። እንዲህ ላለው ማሳ ዛሬ ዘሩ ላይ የሚለወስ ባክቴሪያ በከረጢት ታሽጎ ይሸጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅጡ እንናገር። ባቄላ ያመጣው ናይትሮጅን በሙሉ መሬት ውስጥ አይቀርም። አብዛኛው በፍሬው ውስጥ ሆኖ ወደ ጎታ ይገባል፤ ሽሮው ገንቢ ምግብ የሆነውም በዚህ ነው። ገለባው ለከብት ይሰጣል። ለሚቀጥለው ስንዴ የሚተርፈው በሥሩና በረገፈው ቅጠል ያለው፣ እንዲሁም ባቄላው ከአየር ስላገኘ ከአፈር ሳይወስድ የተወው ነው። ስለዚህ ባቄላን ከነሥሩ ከመንቀል በማጭድ ማጨድ ይሻላል፤ ሥሩ በቦታው ይበስብስ።

በሬ የሌለበት ቤት

ባቄላ ለሴት ቤት የተለየ ትርጉም ያለው በናይትሮጅኑ ብቻ አይደለም። በእርሻውም ነው። በአገራችን ልማድ ሴት ሞፈር አትጨብጥም። ባሏ የሞተባት፣ የተፋታች ወይም ባሏ ለሥራ አገር የለቀቀባት ሴት መሬት ቢኖራትም በሬና አራሽ ከሌላት መሬቷን ለእኩል ወይም ለሲሶ ትሰጣለች። ጤፍ አራት አምስት ጊዜ መታረስ ይፈልጋል፤ ስንዴም ለስላሳ መሬት ይሻል። ባቄላ ግን ጓል ያልጠፋበት ማሳ ላይም ይበቅላል፤ ከእነዚህ ያነሰ እርሻ ይበቃዋል። በሬ በተውሶ ወይም በወንፈል ለአንድ ሁለት ቀን ብቻ የምታገኝ ሴት ልትዘራው የምትችለው ሰብል ነው።

የበሬ ማጣት ምን እንደሚያደርስ ታሪካችን በክፉ ቀን አሳይቶናል። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቡት ከብት ጋር የመጣው የከብት በሽታ አገሩን ሲያዳርስ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ረሃብ የአብዛኛው ገበሬ በሬ አለቀ። አጼ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሕዝቡ አርአያ መሆናቸው ይነገራል። ያ ዘመን አልፏል፤ በሬ የሌለበት ቤት ግን ዛሬም በየቀበሌው አለ። አብዛኛውን ጊዜም የዚያ ቤት እማወራ ሴት ናት።

ሁለተኛው ነገር ኩበት ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው ደጋ እንጨት ውድ ነው፣ ብርዱም ከባድ ነው። ስለዚህ እበቱ ወደ ማሳ አይሄድም፤ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ተከምሮ ምድጃ ይገባል ወይም ገበያ ወጥቶ ይሸጣል። ኩበት መጠፍጠፍ የሴትና የልጃገረድ ሥራ ነው፤ የሽያጩም ገንዘብ ብዙ ጊዜ በሴት እጅ የሚገባ ጨውና ሳሙና መግዣ ነው። «እበቱን ለማሳ አድርጉት» የሚል ምክር ከባለሙያ ስንሰማ ኖረናል። ምክሩ ልክ ቢሆንም ምድጃውን በምን እንደምናነድ አብሮ አልተነገረንም። ፍግ ለማያገኝ መሬት ከውጭ ሳይገዛ የሚመጣለት ማዳበሪያ የባቄላው ሥር ነው።

የእነዋሪ መደብ

በሞረትና ጅሩ በእነዋሪ አካባቢ ያለው ጥቁር የዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ይቋጥራል። ባቄላ ደግሞ እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም ሥሩ ይበሰብሳል። የአካባቢው ሰው መፍትሔውን ያገኘው በእጁ ነው። ማሳው ከታረሰና ከተዘራ በኋላ አፈሩን በእጅ እየዛቁ ከፍ ያለ ሰፊ መደብ ይሠራሉ፤ በመደቦቹ መካከል ውሃው የሚወርድበት ቦይ ይተዋሉ። ወገብ የሚሰብረው ይህ ሥራ በብዛት የሴቶችና የልጆች ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ተመራማሪዎች ይህን የእነዋሪን ዘዴ አጥንተው፣ ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ ጉልበት መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። መሣሪያው በየሥልጠናው ሲነሳ የሚነገረው ስለ ብረቱና ስለ ጥማዱ ነው። ሐሳቡ ግን ከእነዋሪ ሴቶች መዳፍ የተወሰደ መሆኑን ለልጆቻችን ልንነግራቸው ይገባል። በኋላም ለዋልካ አፈር የሚሆኑ የባቄላ ዝርያዎች በምርምር ወጥተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የተለቀቀው «ዋልኪ» ስሙን እንኳ ያገኘው ከዚሁ አፈር ነው።

ስንዴ ብቻ ሲቆጠር

ባቄላ ከተራው መውጣት የጀመረበትን ዘመን ለመረዳት ወደ አርሲ መሻገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ በአሰላ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ «ካዱ»፣ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው በብድር አቀረበ። የስንዴ ምርት አደገ። ያደገው ምርት ግን የመሬቱን ዋጋም አሳደገው፤ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን አፈናቀሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ካስቀረ በኋላም በአርሲና በባሌ የተስፋፉት የመንግሥት እርሻዎች በዚያው በስንዴ ላይ ስንዴ በመዝራት ቀጠሉ።

ስንዴ በስንዴ ላይ ሲዘራ ሁለት ነገር ይከማቻል። አንደኛው የስንዴን ሥርና አገዳ የሚያጠቃ በሽታ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ያው ምግቡ ስለሚጠብቀው አይጠፋም። ሁለተኛው የሣር ዘር አረም ነው፤ ሲናር፣ ሙጃ፣ እንክርዳድ። ቱፎርዲ የሚባለው መድኃኒት ቅጠለ ሰፊውን አረም ይገድላል፣ የሣር ዘሩን ግን ይምረዋል። ሲናር በስንዴ መካከል ሲቆም ዛላውን እስኪያወጣ ስንዴውን መስሎ ያታልላል። ዛላውን ሲያወጣ ደግሞ ፍሬው ሊረግፍ ደርሷል።

በባቄላ ማሳ ውስጥ ግን ሲናር መደበቂያ የለውም። ባቄላ ቅጠሉ ሰፊ፣ ግንዱ ቀጥ ያለ ነው፤ በመካከሉ የበቀለች አንዲት የሲናር ዘለላ ከሩቅ ትታያለች። በእጅ ተነቅላ ለጥጃ ትወሰዳለች እንጂ ዘሯን አታራግፍም። በሽታውም የሚበላው ስንዴ ስለሌለ በዚያ ዓመት ይዳከማል። በቁሉምሳና በሲናና የምርምር ማዕከሎች የተደረጉ የማፈራረቅ ሙከራዎች ከባቄላ በኋላ የተዘራ ስንዴ በስንዴ ላይ ከተዘራ ስንዴ የተሻለ ምርት እንደሚሰጥ አረጋግጠዋል። እዚህ ላይ እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር አለ። ባቄላ አረሙን «ሰበረ» ሲባል፣ የሰበረው ባቄላው ብቻውን አይደለም፤ ሲናሩን አንድ በአንድ የነቀለችው ሴት ናት። ባቄላ ቱፎርዲን አይችልምና ማሳው በእጅ ይታረማል። ባቄላ ጉልበት ይፈጃል ሲባል፣ የሚፈጀው የማን ጉልበት እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. በኋላ ግማሽ ሄክታር የማሳያ ማሳ እየተያዘ የተስፋፋው የኤክስቴንሽን ሥራም ክብደቱን የጣለው በስንዴ፣ በጤፍና በበቆሎ፣ በዳፕና በዩሪያ ላይ ነበር። ብዙ ቤት ከረሃብ ያዳነ ሥራ ነው፤ አንክድም። ሆኖም ሒሳቡ የሚሠራው በአንድ ክረምት ነበር፤ ከሄክታር ስንት ኩንታል? በዚህ ሒሳብ ባቄላ ሁልጊዜ ይሸነፋል። ለከርሞ ስንዴ የተወው፣ በዩሪያ ላይ ያተረፈው፣ ለከብቱ የሰጠው ገለባ፣ በመስከረምና በጥቅምት እህል ሳይደርስ እሸቱ ልጆች ያበላበት በኩንታል አይጻፍም። እ.ኤ.አ. በ2022 የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲያሻቅብ ግን ባቄላ የነበረበት ማሳ ያላትና የሌላት ሴት ልዩነታቸው በኪሳቸው ታየ።

ቆርምድ

ባቄላን የሚፈሩ እህቶቻችን ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ገደማ ጀምሮ በሰሜን ሸዋ ደጋ አዲስ በሽታ ታየ፤ ገበሬው «ቆርምድ» ብሎ ጠራው። ቅጠሉ ላይ አረንጓዴ ዕብጠት ያወጣል፣ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ተክሉ ቆርቁዞ ይቀራል፤ በከፋበት ማሳ ባቄላው ሳያብብ ያልቃል። ተመራማሪዎች መንስኤውን መጀመሪያ «ኦልፒዲየም» የሚባል ሻጋታ ነው ብለው ነበር፤ በኋላ በተደረገ ጥናት «ፊዞደርማ» የሚባል ሌላ ሻጋታ መሆኑ ታውቋል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ምክንያት ባቄላ መዝራት አቆመ።

ቆርምድ የሚያድረው በአፈርና በባቄላ ቅሪት ውስጥ ነው። በጎርፍ፣ በታመመ ገለባና በአፈር ይዛመታል። ስለዚህ ማፈራረቅ ለስንዴው ብቻ ሳይሆን ለባቄላውም ነው። ባቄላ በባቄላ ላይ፣ ወይም አንድ ዓመት ብቻ ዘሎ በዚያው ማሳ ላይ መዝራት በሽታውን መቀለብ ነው። ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓመት እህል እየተዘራበት መቆየት አለበት። ባይሌቶን የተባለው መድኃኒት ምልክቱ እንደታየ ሲረጭ ይረዳል፤ ዘግይቶ ከተረጨ ግን ገንዘቡ ይባክናል። ቅጠሉ ላይ ያለውን ዕብጠት ቀድማ የምታየው ደግሞ በማሳው ውስጥ ጎንበስ ብላ የምትውለው አራሚ ናት። መርጫውና መድኃኒቱ በወንዱ እጅ፣ ዓይኑ በሴቷ ዘንድ ከሆነ ጊዜው ያልፋል። ሥልጠና ሲሰጥ ሴቶቹ ይጠሩ የምንለው ለወግ አይደለም።

በጓዳ ያለው ግማሽ

የባቄላ ታሪክ ማሳ ላይ አያልቅም። ሥጋና ወተት በማይቀመስባቸው በብዙዎቹ የጾም ቀናት የቤቱ ብርታት ከጥራጥሬ ነው የሚመጣው። ሽሮው፣ ክኩ፣ ንፍሮው፣ ቆሎው፣ አሹቁ፣ ስልጆው፣ እልበቱ፤ ይህ ሁሉ ባቄላ ነው። በጸሎተ ሐሙስ የሚበላው ጉልባን የባቄላ ክክና ስንዴ አብሮ የተቀቀለ ነው። በማሳ ላይ ተራ በተራ የሚፈራረቁት ሁለቱ ሰብሎች በዚያ ቀን በአንድ ድስት ይገናኛሉ።

ባቄላ ከቤት ሲጠፋ ሽሮው በገንዘብ ይገዛል። ስንዴው የሚሸጠው በአንድ ጊዜ በኩንታል ነው፤ ገንዘቡም በአብዛኛው በባል እጅ ይገባል። ባቄላ ግን በቁና እየተሰፈረ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይወጣል፤ የሚያወጣውም የሴት እጅ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ፣ የእድርና የማኅበር መዋጮ የሚሸፈነው ከዚህ ነው። ስለዚህ ማሳው በሙሉ ስንዴ ሲሆን የሚቀየረው የአፈሩ ሁኔታ ብቻ አይደለም፤ በቤት ውስጥ ገንዘብ የሚይዘውም ሰው ይቀየራል።

ለጉባኤው የምናቀርበው

የ1967ቱ አዋጅ መሬት ለአራሹ ሲሰጥ በገበሬ ማኅበር መዝገብ የገባው አብዛኛውን ጊዜ የአባወራው ስም ነበር። በክልላችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ግን የባልም የሚስትም ስም ሰፍሯል፤ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997ም የሴቶችን የይዞታ መብት ደንግጓል። እናቶቻችን ባቄላ ሲያርሙ ስለ ማሳው የሚወስነው ሌላ ሰው ነበር። እኛ ግን ስማችን ደብተሩ ላይ ስላለ በዚህ ማሳ ላይ ከርሞ ምን ይዘራ በሚለው ድምፅ አለን። ማኅበራችንም የራሱ ገንዘብ ስላለው በዚሁ ጉዳይ ድምፅ አለው።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤው እናቀርባለን። አንደኛ፣ የዘር ብድሩ ለባቄላም ይሁን፤ ነገር ግን ተበዳሪዋ የምትዘራው ቢያንስ ሁለት ዓመት ባቄላ ባልነበረበት ማሳ ላይ ይሁን፣ ዘሩም ቆርምድ ካልታየበት ማሳ የተገኘ ይሁን። ሁለተኛ፣ የባቄላ ብድር በሁለት ምርት ዘመን ይመለስ፤ ግማሹ ከባቄላው፣ ግማሹ ከተከታዩ ስንዴ። ትርፉ በሁለት ዓመት የሚታይ ሰብል በአንድ ዓመት ክፈል ሊባል አይገባም። ሦስተኛ፣ የነሐሴው አረም በወንፈል ይታረም፤ ልጅ የያዘች ወይም የታመመች አባል ማሳዋ ሳይታረም እንዳይቀር ተራ ይውጣለት።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። በዓመቱ መጨረሻ የምትልኩልን ቅጽ ላይ «የዘንድሮ ምርት በሄክታር» የሚለው ቦታ አንድ ብቻ ነው። እባካችሁ ከጎኑ ሌላ ቦታ ጨምሩልን፤ ባለፈው ዓመት በዚያው ማሳ ምን ተዘርቶ እንደነበር፣ ለአረሙ ስንት የሴት ቀን እንደዋለ የምንጽፍበት። ያን ጊዜ የባቄላው ዓመት ባዶ ዓመት መስሎ አይታያችሁም።

አባላት ወደ ጉባኤው ስትመጡ የየማሳችሁን የሦስት ዓመት የሰብል ተራ አስባችሁ፣ ማስታወሻ የያዛችሁም ይዛችሁ ኑ። በቤታችሁ ያለ የቆየ የባቄላ ዘር ካለ ደግሞ አንድ እፍኝ በጨርቅ ቋጥራችሁ አምጡ። የትኛው ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ውርጭ እንደሚችል፣ የትኛው ቶሎ እንደሚደርስ በዕድሜ የገፉት እናቶቻችን ይንገሩን፤ የምናበድረውን ዘር ከዚያ መካከል እንመርጣለን።